ሰሊጥ የማያሳልፍ ወንፊት

ባለፈው ክረምት ጎንደር በተከራየነው ቤት መስኮት ላይ ወንፊት የሚገጥም ሠራተኛ መጥቶ ነበር። ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ የተረፈውን የናይሎን ክር በጥርሱ በጠሰና ጫፉ እንዳይተረተር በላይተር ለበለበው። የተቃጠለው ናይሎን ሽታ ክፍሉን ሲሞላው ተነሥቼ ወጣሁ። ባለቤቴ ተከትሎኝ መጥቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ራሴን አመመኝ» አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ማስታገሻ ሊገዛልኝ ሄደ። እኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ንዴቴን ይዤ ጠበቅኩት። ንዴቱ በማን ላይ ነው ብትሉኝ በብዙ ሰው ላይ ነው፤ ከእነሱም አንዷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

አባቴ ከገንዳ ውሃ በታች፣ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው ቆላ፣ የአንድ ባለሀብት ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። ሌላ ጊዜ ክረምት ሲገባ እሱ ብቻውን ይወርዳል፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ገንዳ ውሃ ከተማ እንቀራለን። የዚያን ዓመት ግን ባለእርሻው ለሠራተኛው የምታበስል ሴት አጣ። እናቴ «እኔ እሄዳለሁ» አለች። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዮናስ አራት። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አራታችንም ወረድን። የት እንደምንተኛ ስንጠይቀው አባቴ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘና «ፈረንጅ በሚተኛበት መኪና ውስጥ» አለን። ያሾፈብን መስሎን ነበር።

አላሾፈም። ከሱዳን በኩል የመጡ ሁለት ያረጁ ባልና ሚስት ፈረንጆች መተማ ላይ ሞተሩ ነክሶባቸው ጥለውት የሄዱ መኪና ነው አሉ። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ባለእርሻው እጅ ገባ። አባቴ በትራክተር እየጎተተ እርሻው ድረስ አመጣውና ጥላ እንድናገኝ ብሎ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር አቆመው። ዝናቡ ሲወርድ ጎማዎቹ ዋልካው ጭቃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ሰመጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚነቅለው የለም። እኛ «ቤት መኪናው» እንለው ነበር።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ጠረጴዛው ይታጠፍና አልጋ ይሆናል። መቀመጫው ሲነሣ ሥሩ ሣጥን ነው። ሁለት ዓይን ያላት ትንሽ ምድጃ አለች፣ ጋዙ ግን አልቋል። ከበሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው ነጭ መቀመጫ ነበር፤ እኔ የቤቱ አባወራ ሲቆጣ ብቻውን ገብቶ የሚቀመጥበት መስሎኝ ለዮናስም እንደዚያው ብዬ አስረዳሁት። እናቴ ሽንኩርት አስቀመጠችበት። ከኋላ በኩል አሥራ አንድ ባንዲራ ተለጥፏል። ፈረንጆቹ አሥራ አንድ ልጅ ወልደው ሁሉንም በየአገሩ የዳሩ መሰለኝና ለእናትየዋ አዘንኩላት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አምኜ ነበር። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ አገር አቋርጠው፣ ያን ሁሉ በረሃ አልፈው፣ ሳይታመሙ መተማ የደረሱት በዚህ ቤት ውስጥ ስለተኙ ነው። መድኃኒቱ ቤቱ ነው። እኛም ገባንበት፤ በቃ፣ እኛን የሚነካን የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ትንኝ በላን። ስድስቱም መስኮቶች ወንፊት ነበራቸው፣ ግን የሱዳን ፀሐይ አድርቆት በጣት ሲነኩት እንደ አመድ ይረግፋል። ዮናስ ጠዋት ሲነሣ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ አይገለጥም። አባቴ ሄዶ አያ ቢምርን ይዟቸው መጣ።

አያ ቢምር የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። በወጣትነታቸው ከዳባት ለአረም መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው፤ የእርሻውን ጆንያ ሁሉ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። የሱዳኖቹን ረጅም ጀለቢያ ለብሰው፣ ወስፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ነው የሚዞሩት። ከመስኮቱ ላይ አንዲት ቁራጭ ወንፊት አንሥተው ወደ ሰማይ አዩባትና «ይሄ ወንፊት ነው ወይስ ጢስ?» አሉ። እውነትም ቀዳዳው በዓይን አይታይም ነበር። እፍ ሲሉባት በነነች።

«ማን ይስፋው ታዲያ?» አለ አባቴ።

«እኔን እንዳታየኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። ያቺ ልጅህ ጣቷ ቀጭን ነው፣ ወዲህ በላት።»

«አያ ቢምር፣ እኔ እኮ ልብስ እንጂ ወንፊት ሰፍቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«ወንፊት ማለት ቀዳዳ የበዛበት ልብስ ነው። ነዪ ወዲህ፣ አትለግሚ።»

መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ የሚነፋበት አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንፊት በጥቅል ተቀምጦ ነበር። ሰሊጡ ከላይ ይቀራል፣ አፈሩና ድቃቂው በሥሩ ይወርዳል፤ ሥራው እሱ ነው። አያ ቢምር አንድ ክንድ ያህል ቆረጡና አንዱን ጫፍ እኔን አስያዙኝ፣ ሌላውን ራሳቸው ያዙ። ከዚያ ዮናስን «ከዚያ ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግነህ አምጣ» አሉት። ዮናስ በሁለት እጁ የዓምናውን ሰሊጥ አፍሶ መጣ፣ ግማሹን መንገድ ላይ አንጠባጠበ። ወንፊቱ ላይ በተነው። አራገብነው፣ ነቀነቅነው። ከሥሩ አንዲትም ፍሬ አልወደቀች።

«ይኸውልሽ» አሉኝ፤ «ሰሊጥ ያላለፈበትን ትንኝ በምን ጎኗ ታልፈዋለች? ተማም ነው፣ ምንም አይጎድለው።»

ማንም አልተከራከራቸውም። ምን ብሎ ይከራከራል? እኛ አገር ከሰሊጥ የሚያንስ ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። የተወለድነው ሰሊጥ ውስጥ ነው። መኪናው ሰሊጥ ይጭናል፣ መጋዘኑ ሰሊጥ ይሸታል፣ ልጅ ሲጠፋ «የሰሊጥ ፍሬ አይደለህ፣ የት ትገባለህ?» ተብሎ ነው የሚፈለገው። ትንሽ ማለት ሰሊጥ ነው፤ ከዚያ በታች የለም።

ሐምሌን በሙሉ ሰፋሁ። የድሮው ወንፊት በጎማ ገመድ ነበር ከፍሬሙ ጋር የተያዘው፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ አልቋል። አያ ቢምር መላ አወጡ። ምስማር እሳት ላይ እናግልና የፍሬሙን ዙሪያ እንበሳለን፤ ከዚያ ከጆንያ በተተረተረ የናይሎን ክር ቀዳዳ በቀዳዳ እየያዝኩ ወንፊቱን እሰፋዋለሁ። ክሩ ሲያልቅ ቋጠሮው እንዳይፈታ ጫፉን በክብሪት ለብልቦ ገና ትኩስ እያለ በአውራ ጣት መጫን ነው። ጣቴ ሁሉ ውኃ ቋጠረ። አያ ቢምር መጥተው ስፌቴን ያያሉ፣ ላላ ያለበትን በወስፌያቸው ጫፍ ይፈቱብኛል። «ይሄ ስፌት ነው ወይስ የሰካራም መንገድ? ድገሚው» ይላሉ። እየተነጫነጭኩ እደግመዋለሁ።

ዮናስ ከአጠገቤ አይለይም። ሥራ ሰጥቼው ነበር። አንድ መስኮት ባለቀ ቁጥር ሰሊጥ መበተን የሱ ድርሻ ነው። ከሚበትነው የሚበላው ይበልጣል። ከውስጥ እኔ እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ፣ ከውጭ እሱ በርጩማ ላይ ቆሞ ይወረውራል። «ጥሩዬ፣ አለፈ?» ይላል። «አላለፈም» እለዋለሁ። «አንድም?» «አንድም።» ያን ጊዜ ከበርጩማው ላይ ዘልሎ ይወርድና ለእናቴ ሊነግራት ወደ ራኩባው ይሮጣል፤ ራኩባ የምንለው ለሠራተኛው ምግብ የሚበስልበትን የሣር ዳስ ነው። ቤት መኪናው ግራር ሥር ሲሆን ራኩባው ከምንቀዳበት የውኃ ጉድጓድ ማዶ ነው፤ እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ናት።

ስድስተኛው መስኮት ሲያልቅ ትንኙ እውነትም ቀረ። ከዚያማ ማን ቻለኝ። የጎጃምና የወሎ ሠራተኞች ዝናብ ሲዘንብ ሥራ ፈትተው ሲመጡ መስኮቶቹን በጣታቸው እየነኩ ያደንቃሉ። አንዱ «እቺማ ለባሏ ቤት ትሠራለች» ብሎ አሳፈረኝ። አባቴ ባለእርሻውን ራሱን ይዞ መጣና ከበሩ ላይ አስቁሞ «ይሄን ያዩታል? የልጄ እጅ ነው። ስድስቱንም ብቻዋን» አለው። ባለእርሻው መነጽሩን አንሥቶ አየና «ጎበዝ፣ ነፋስም ያስገባል» ብሎ ሄደ። አባቴ ያን ቀን የሄድኩበት ሁሉ እየተከተለኝ «ጥሩዬ የኔ መሐንዲስ» ይለኛል። እኔም ደግሞ ልቤ አብጦ ዮናስ መስኮቱን ተደግፎ ባየው በጥፊ አልኩት። ስፌቴን ያላላብኛል ብዬ።

ነሐሴ ላይ የጤና ባለሙያ መጣች። ሲስተር ሰናይት ትባላለች፣ ሠራተኛውን ልትመረምር በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭና ነው የመጣችው። ሥራዋን ስትጨርስ እጇን ልትታጠብ ወደ ቤት መኪናው መጣች። ዮናስ ተኝቷል፣ አባቴ ማሳ ላይ ነው፣ እናቴ ራኩባው ጋ። ውኃ አፈሰስኩላት። ቀና ስትል መስኮቶቹን አየች።

«ማነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ ነሽ» አለችና ጠጋ ብላ ትንሿን ጣቷን ወንፊቱ ላይ አደረገች። «ለወባዋ ትንኝ ይበቃል። እዚህ ቆላ ግን ሌላ አለች። ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የሌላት። የአሸዋ ዝንብ ይሏታል። እንዲህ ያለ የግራር ሥርና ዋልካ አፈር ትወዳለች። በዚህ ወንፊት ትገባለች።»

«አትገባም። ሰሊጥ እንኳ አያልፍበትም» አልኳት።

ሳቀች፤ በክፋት አልነበረም። «እሷ ከሰሊጥ ቀጭን ናት፣ የኔ እመቤት። ካላዛር የምታመጣው እኮ እሷ ናት።» ከቦርሳዋ አጥፋ የያዘችውን ስስ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ለአጎበር የሚሆን፣ ቀዳዳው የማይታይ ጨርቅ ነው። «ይሄን በሕፃኑ አልጋ በኩል ባሉት መስኮቶች ላይ ከውስጥ ደርበሽ ስፊው። ይታፈናል፣ ይሞቃችኋል፤ ቻሉት። ለእናትሽ ንገሪያት፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ትራክተሩ ጡሩምባውን ነፋ። እየሮጠች ሄደች።

አልነገርኩም። ለምን እንዳልነገርኩ ልክ እንደዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ «ልጅ ስለነበርኩ ረስቼው ነው» ብል ውሸት ይሆናል። አልረሳሁትም። ብነግራት እናቴ «እንግዲያው ሥራሽ አይረባም» የምትል መሰለኝ። በዚያ ጨርቅ ከተሸፈነ አረንጓዴው ወንፊቴ ከውስጥ አይታይም፤ ሰው መጥቶ የሚያደንቀው አይኖርም። ደግሞ ካላዛር የደገኛ ሠራተኛ በሽታ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ማሳ ውስጥ ሜዳ ላይ የሚተኙትን፣ አገራቸው ብርድ የሆነውን ሰዎች የሚይዝ። እኛ የቆላ ልጆች ነን፣ እኛ የፈረንጅ ቤት ውስጥ ነን። እና ሌላም አለ። ጨርቁ ቆንጆ ነበር። አጥፌ መቀመጫው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

የዘመን መለወጫ ዕለት አወጣሁት። ለአበባዬሆሽ እኩዮቼ ከተማ ናቸው፤ እዚያ የምዘፍንለት ሰው ባይኖርም እንደ ሻሽ ራሴ ላይ አሰርኩትና ራኩባው ሄድኩ። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አየችኝ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ሲስተር ሰጠችኝ።»

«እግዜር ይስጣት። ያምርብሻል» አለች። አጠገቤ መጥታ በገዛ እጇ ከግንባሬ በላይ አስተካከለችልኝ። አባቴ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ያፏጫል። ዮናስ ጫፉን ይዞ እየጎተተ «እኔንም፣ እኔንም» ይላል። ሸፈንኩት። በጨርቁ ውስጥ እያየ ሳቀ።

ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ እኔ ግን ዮናስን የሚይዝ ስለሌለ አጨዳው እስኪያልቅ ቀረሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ሰሊጡ ታስሮ ነዶው ቆሞ እየደረቀ ሳለ፣ ዮናስን ትኩሳት ያዘው። «ወባ ነው» አሉ። የወባ መድኃኒት ዋጠ፣ ሁለት ቀን ተሻለው፣ ተመልሶ ያዘው። እንደገና መድኃኒት፣ እንደገና ትኩሳት። እናቴ «ወባ በየት ገባ? ወንፊት አለ» ትላለች። አባቴ መስኮቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ ፈተሸ። የተፈታ ስፌት አላገኘም።

ኅዳር ላይ ሆዱ መንፋት ጀመረ። እጁና እግሩ እየቀጠነ ሆዱ ብቻ ይገፋል። እኔ መጀመሪያ የወፈረ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አያ ቢምር መጥተው በግራ ጎኑ ከጎድኑ በታች በመዳፋቸው ያዙትና «ጣፊያው ነው። ይተኮስ» አሉ። በአቅራቢያው ካለች መንደር የሚተኩስ ሰውዬ መጣ። ብረቱ እሳት ውስጥ ሲቀላ አየሁት። አባቴ እጁን ያዘ፣ እኔ እግሩን፤ እናቴ ማየት አልቻለችም፣ ወጣች። ዮናስ ብረቱን ሲያይ ወደኔ ዞሮ «ጥሩዬ፣ ንገሪያቸው» አለኝ። እንዲተዉኝ በያቸው ማለቱ ነው። እግሩን አጥብቄ ያዝኩት። ሦስት ጊዜ ተኮሱት።

የዚያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም አይደለም፣ የሚበቃውን ያህል። ሲስተር ሰናይት ያለችው እየመጣ እንደሆነ ገባኝና አፌ ይበልጥ ተዘጋ። መጀመሪያ በኩራት ነበር ዝም ያልኩት፤ አሁን በፍርሃት። በየቀኑ ነገ እነግራለሁ እላለሁ። በየቀኑ ዝምታው አንድ ቀን ይረዝማል፣ መናገሩም በዚያው ልክ ይከብዳል።

ታኅሣሥ ላይ ጎንደር ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ሆዱን ገና እንደነካ «ካላዛር ነው፤ ለምን እስከዛሬ?» አለ። የት እንደሚተኛ ጠየቀ። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ውጭ አይተኛም፣ ዶክተር። ስድስቱም መስኮት ወንፊት ያለው ቤት ነው። የሰፋችውም ይህቺው ልጄ ናት» አለና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ሐኪሙ አየኝ። «ጎበዝ» አለኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ፤ መሬት በተከፈተልኝ ብዬ ተመኘሁ። አልተናገርኩም።

መርፌው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ከአፍንጫው ደም ፈሰሰው፣ አልቆም አለ። ዮናስ ሞተ። በአራት ዓመቱ።

ገንዳ ውሃ ቀበርነው። ለቅሶው ላይ አያ ቢምር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ለለቀስተኛው «ምን ያልተደረገ አለ? ቤቱን በወንፊት አጥረን፣ ሰሊጥ እንኳ እንዳያልፍ አድርገን። ይቺ ልጅ ጣቷ እስኪላጥ ሰፍታ። የእግዜር ሥራ ነው» ይላሉ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዲት ጎረቤት አቅፋኝ «እንዲህ ያለች እኅት ነበረችው» ብላ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም።

አሁን የሚያውቁ ሰዎች ስጠይቅ ዝንቧ ውጭም ትነክሳለች፣ አመሻሽ ላይ ከግራሩ ሥር ሲጫወት ነክሳው ሊሆን ይችላል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ለሌላ ሰው ያጽናናው ይሆናል፣ እኔን አላጽናናኝም። ጨርቁ ሣጥን ውስጥ ነበር።

ጥር ላይ አባቴና እኔ ዕቃችንን ልናመጣ ወደ እርሻው ወረድን። ሰሊጡ ተራግፎ አልቋል፣ ሠራተኛው ተበትኗል፣ ማሳው ባዶ ነው። ዕቃውን ጠቅልለን ተሳቢው ላይ ጫንን። አባቴ የቤት መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከቀብሩ ወዲህ ብዙ አይናገርም ነበር።

«ጥሩዬ፣ ወንፊቶቹን ፍቻቸው» አለኝ። «ከተማው ቤት መስኮት ላይ እንገጥማቸዋለን። እናትሽ ነፍሰ ጡር ናት። ለሚመጣው ልጅ ይሆናሉ።»

መቀሱን ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ስፌት ያዝኩት። አልቆረጥኩትም። እናቴ መፀነሷን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሌላ ልጅ በዚያ ወንፊት ሥር ሊተኛ ነው።

«አባዬ፣ በዚህ ወንፊት ትገባለች» አልኩት።

«ማን?»

ነገርኩት። ሲስተር ሰናይት ያለችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። መቀመጫውን አንሥቼ ጨርቁን አወጣሁና ሰጠሁት። ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየው።

«መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ነሐሴ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

አልመታኝም። ቢመታኝ እንዴት በወደድኩ። ተነሣ፣ መቀሱን ከእጄ ወሰደ፣ ስድስቱንም ወንፊት ራሱ ቆርጦ አወረደ። ደረቅ የሰሊጥ አገዳ ሰብስቦ ከነጨርቁ አነደዳቸው። ጥቁር ጢስ ወጣ፤ ያ ሽታ ነው። ነዶ እስኪያልቅ ቆመን ጠበቅነው።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለ እሳቱን እያየ። «ያን ጨርቅ በገዛ እጇ ነው ራስሽ ላይ ያስተካከለችው። ይሄን ብትሰማ አትችለውም። እኔ እችለዋለሁ።»

አመንኩት። አባቴ ነው፣ የማይችለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሸክሙ ለሁለት የተከፈለልኝ መስሎኝ ተሳቢው ላይ ተኝቼ ወደ ከተማ ስንመለስ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ጥሩዬ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ጥሩወርቅ ሆንኩ፣ እንደ ትምህርት ቤት ስም መጥሪያ። አልሰደበኝም፣ ደብተር አልነሣኝም፣ ልብስ አልነሣኝም። ብቻ እኔ ስገባ ይወጣል። ሁለታችን ብቻ ቤት ከቀረን ትራክተሩ ላይ ያልጨረሰው ሥራ ትዝ ይለዋል። ታናሽ እኅቴ ስትወለድ አቅፌ ልይዛት ስል «ቆይ፣ እናትሽ ትያዛት» ይለኛል። ረጋ ብሎ፣ ያለ ቁጣ፣ ሁልጊዜ። እናቴ የሐዘኑ ነው ትላለች። ዓመት አለፈ፣ አምስት ዓመት አለፈ፣ ሐዘኑ ነው። ተናድጄበታለሁ፤ እስካሁንም ተናድጄበታለሁ። ልጅ ነበርኩ። ወይ ይቆጣኝ፣ ወይ ይማረኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታሞ አልጋ ሲይዝ ከጎንደር ሄጄ አስታመምኩት። እኅቴ በማንኪያ ሾርባ ስትሰጠው ይጠጣል። እናቴ ስትሰጠው ይጠጣል። አንድ ቀን እነሱ ሲደክማቸው ማንኪያውን እኔ ያዝኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ከንፈሩን ገጠመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ጀርባዬን ዳሰሰችኝ።

«አይዞሽ፣ ሕመሙ ነው» አለችኝ። «አባትሽ እኮ ካንቺ አስበልጦ የሚወደው ልጅ የለውም።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ» አልኳት።